የቼዝ ክበብ ዘንድሮ፦ ጉበት ጥብስና ሌሎች

ዓመቱን የጀመርነው በ6 ሰሌዳና በአንድ የጠፋ ግንብ ነው። በግንቡ ፋንታ የጠርሙስ ክዳን አስቀመጥን። አዲስ ግንብ ሲመጣም ልጆቹ ክዳኑን አንለቅም አሉ።

የመጀመሪያው መንፈቅ በአንድ መክፈቻ፣ ማለት በአንድ የጨዋታ አጀማመር አለቀ። ሁሉም ከስልክ ላይ አይተውት ነው የመጡት። በጣሊያን መክፈቻ ነጩ ፈረሱን ጂ5 የምትባለው የሰሌዳው ካሬ ላይ ያወጣል። ጥቁሩ ከተዘናጋ ፈረሱ ኤፍ7 ላይ ይሠዋና ንጉሡን ሜዳ ያወጣዋል። ጨዋታው ሲጀመር ኤፍ7ን የሚጠብቀው ንጉሡ ብቻ ነው፤ ተንኮሉ እዚያ ላይ ነው። ስሙ «የተጠበሰ ጉበት» ነው፤ የኛዎቹ «ጉበት ጥብስ» አሉት። ጀርመናዊው የቼዝ ሊቅ ታራሽ ያንን የጂ5 የፈረስ እርምጃ የጀማሪ ጨዋታ ብሎ አጣጥሎት እንደነበር ነገርኳቸው። ማን ሰምቶኝ!

ከዚያ ውድድሩ መጣ። የስምንተኛ ክፍሏ ተወዳዳሪያችን ነጭ ደረሳት። የጉበት ጥብስን የመጀመሪያ አራት እርምጃዎች ሳታስብ ደረደረቻቸው። ተጋጣሚዋ ወታደሩን ዲ5 ላይ ገፋ፤ በላችው። አሁን በፈረሱ መልሶ ይበላል ብላ ተዘጋጅታለች። እሱ ግን ወታደሩን ትቶ ፈረሱን ኤ5 ላይ፣ ሰሌዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጠና ጳጳሷን ሊበላባት አስፈራራ። ትክክለኛው መልስም ይኸው ነው። አላሳየኋትም ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

እጇ ጳጳሱ ጋ ሊደርስ ሲል ተመለሰ። የነኩትን መጫወት ግዴታ ነው። 8 ደቂቃ አሰበች። እኔ ቆሜ ሰዓቱን ብቻ አያለሁ። በመጨረሻ ጳጳሱን ቢ5 ላይ አድርጋ «ቼክ» (ንጉሥህን አድን) አለች። የቼዝ መጻሕፍት የሚሉትን እርምጃ ራሷ አገኘችው!

ወታደር አተረፈች፤ ግን ፈረሷም ጳጳሷም እየተባረሩ ወደ ኋላ ተመለሱ። መሀሉን ባልተርከው ይሻላል። መጨረሻ ላይ የቀራት ንጉሥ ብቻ ነበር። እሱ አንድ ጳጳስና በኤች መስመር ላይ የሚወርድ አንድ ወታደር ነበረው። ወታደሩ መጨረሻ ደርሶ ንግሥት የሚሆንባት ካሬ፣ ኤች1፣ ነጭ ናት፤ ጳጳሱ ደግሞ በጥቁር ብቻ የሚሄድ። ንጉሧ ሮጦ ማዕዘኗ ውስጥ ገባ። ከዚያ የሚያስወጣው ጠፋ፤ አቻ። ይህን ክበብ ውስጥ ሳስተምር ግማሾቹ ያዛጉ ነበር።

ከአዳራሹ ስንወጣ «ቲቸር፣ ፈረሱ ኤ5 እንደሚሄድ ለምን አልነገሩኝም?» አለችኝ።

የሚመጣው ዓመት የመጀመሪያ ትምህርት እሱ ነው።