ለጤና ሚኒስትሩ፦ ካርዱ አለ፣ መርፌው የለም

ክቡር ሚኒስትር፣

ሦስት ጊዜ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ሦስቴም «ጉዳዩ እየታየ ነው» ተባልኩ። ማን እንደሚያየው እንጃ። እንግዲህ ሰው ባለበት ልጠይቅዎት።

እህቴ ጤና ጣቢያ ሌሊት ወለደች። ልጁ ደህና ነው፣ ደሟ ግን አልቆም አለ። አዋላጇ ሆዷን በእጇ አጥብቃ እያሸች «ደም የሚያቆመው መርፌ፣ ኦክሲቶሲን፣ የለንም፣ ሮጠህ ከውጭ ግዛ» አለችኝ። መዋጮው የተከፈለበትን የጤና መድህን ካርድ አወጣሁ። ዞር ብላ አየችውና «እሱ ደም አያቆምም» አለች። እውነቷን ነው። ሮጥኩ። የከፈተልኝ ሦስተኛው ፋርማሲ ነው። ስመለስ የእህቴ ከንፈር ነጥቷል፣ አዋላጇም እጇን ከሆዷ ላይ አላነሳችም።

እህቴ ተርፋለች። የተረፈችው ግን በአዋላጇ ክንድና በእኔ ኪስ እንጂ በእናንተ አሠራር አይደለም። ኪሴ ባዶ ቢሆንስ?

ጠዋት የመድኃኒት ክፍሉን አየሁት። ማቀዝቀዣው ከሶኬት ተነቅሏል፣ ውስጡ የድሮ መዝገብ ተደርድሮበታል። ኦክሲቶሲን በአብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ እንዳለበት ለእርስዎ አልነግርም። ማቀዝቀዣው ስለተበላሸ መድኃኒቱን አያዝዙም። ስለማያዝዙ ሪፖርቱ ላይ «የተሰጠ፦ 0» ይጻፋል። ላይ ቤት ያለው ሰው ደግሞ ዜሮውን አይቶ «እዚያ አያስፈልግም» ይልና ለሚቀጥለውም ዙር አይልክም። እዚያ ሌሊት ደም የፈሰሳት ሴት በየትኛው ዓምድ ትመዝገብ?

እ.ኤ.አ. በ1978 በያኔዋ ሶቪየት ኅብረት፣ አልማ አታ ከተማ መንግሥታት ተሰብስበው መሠረታዊ መድኃኒት ማቅረብ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት አካል ነው ብለው ተስማምተዋል። ቀጠሮውም እ.ኤ.አ. በ2000 ጤና ለሁሉም ነበር። ቀጠሮው ካለፈ ስንት ዓመቱ! እናንተ ግን አሁንም የምትቆጥሩልን ሕንፃና ካርድ ነው፣ ለምረቃው ሪባን መቼም አልጠፋም።

ማቀዝቀዣውን አሠሩ፣ ካልሆነም ቀይሩት። ሪፖርቱ ላይም «ተፈልጎ የጠፋ» የሚል አንድ ዓምድ ጨምሩበት፣ ይሄ በጀት አይጠይቅም። ለገዛሁት መርፌ ያወጣሁትን መልሱልኝ አላልኩም፣ ደረሰኙ ግን ከማመልከቻዬ ጋር ተያይዟል፤ ከፍቶ ያየው ካለ።

አዋላጇን ደግሞ «ለምን ተናገረች» ብላችሁ እንዳትነኩብኝ። የጤና ጣቢያውን ስም ያልጻፍኩት ለዚህ ነው።