እከክ የያዘውን ልጅ ብቻ ማከም ከንቱ ድካም ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እናት ለልጇ አንድ ጠርሙስ ሎሽን ገዝታ ትቀባዋለች፤ ወር ሳይሞላ እከኩ ያገረሻል። ከዚያ «መድኃኒቱ አይሠራም» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ያለው አቀባቡ ላይ ነው።

እከክን የምታመጣው ተባይ ቆዳ ውስጥ ሰርስራ እየገባች እንቁላል ትጥላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። ስለዚህ ምንም የማይሰማቸው ወንድም ወይም አያት ተባይዋን ይዘው ከልጁ ጋር ያድራሉ። የሚያሳክከውም የማያሳክከውም፣ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ሌሊት መቀባት ያለበት ለዚህ ነው። በ2008ቱ ድርቅ ጊዜ በአማራ ክልል ወረርሽኝ የሆነ በሽታ በአንድ ጠርሙስ ከቤት አይወጣም።

መለያው ሌሊት የሚብስ ማሳከክ ነው፤ በጣቶች መሃል፣ በእጅ አንጓ፣ በብብት፣ በወገብ ዙሪያ፣ በመቀመጫና በብልት ላይ ሽፍታ ይወጣል። ጭርት ግን ጠርዙ ከፍ ያለ፣ መሃሉ እየጠራ የሚሰፋ ክብ ነው።

5 በመቶ ፐርሜትሪን የተባለው የእከክ ቅባት ከአንገት እስከ እግር ጣት፣ ጥፍር ሥር፣ እምብርትና ብልት ሳይቀር ይቀባል፤ ማታ ተቀብቶ ከ8 እስከ 14 ሰዓት ያህል ገላ ላይ ከቆየ በኋላ ጠዋት ይታጠባል። ለሕፃናት፣ ዓይንና አፍ ሳይነካ፣ ራስና ፊትም ይጨመራል። በብዛት የሚዘለለው እጅ ነው፦ ተቀብታ ዕቃ ያጠበች እናት እጇን እንደገና ካልቀባች ተባይዋ ጣቶቿ መሃል ትተርፋለች። ከ7 ቀን በኋላ መድገም ግድ ነው። ሌላው የእከክ መድኃኒት፣ 25 በመቶ ቤንዚል ቤንዞኤት፣ ለአዋቂ ነው፤ ለልጅ በእኩል ውሃ ይቀጥናል። ከ2 ወር በታች ላሉ ጨቅላዎች የድኝ ቅባት ይሻላል።

በዚያው ቀን ልብስና አንሶላ በሙቅ ውሃ ይታጠብ። ጋቢና ብርድ ልብስ ማጠብ ካልተቻለ ፌስታል ውስጥ ታስሮ 3 ቀን ይቆይ፤ ተባይዋ ከሰው ገላ ርቃ ከዚያ በላይ እምብዛም አትኖርም።

ማሳከኩ ከሕክምናው በኋላም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ከ7 ቀኑ ድጋሚ ውጭ መድኃኒቱን ደጋግሞ መቀባት ቆዳውን ያስቆጣል እንጂ አይጠቅምም። ከዚያ ካለፈ ወይም አዲስ ሽፍታ ከወጣ ሐኪም ይየው።

የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎችን አጥብቀን የምንለምነው፣ ላሳከከ ሁሉ ቤታሜታዞን የተባለውን የስቴሮይድ ቅባት እንዳይሰጡ ነው። ማሳከኩን ያስታግሳል፣ ሽፍታውን ይደብቃል፣ ተባይዋ ግን ትራባለች። ከመሸጥ በፊት «ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ?» ብለው ይጠይቁ። ቁስሉ መግል ከያዘ ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ፤ በተለይ የልጁ ፊት ካበጠ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ኩላሊቱ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል አንድ ቀን እንኳ አይደር።

የቆዳ ሕክምና ባለሙያዎች