ልጄ ውዳሴ ማርያም ይደግማል

ወንድምዓለም፣

እንዴት ከርመሃል? ጠፋሁብህ፣ አውቃለሁ። ነገ እደውላለሁ፣ ነገ እደውላለሁ ስል ጊዜው ነጎደ። ይቅር በለኝ፣ የቀረውን ወቀሳ ጎንደር ስትመጣ አድርሰው።

አሁን የምጽፍልህ ስለ ትንሹ ልጄ ነው። ማታ ማታ የኔታ ዘንድ እየሄደ የቃል ትምህርት ጀምሯል። ትናንት ደጅ ላይ እግሩን እየታጠበ «ፈቀደ እግዚእ ያግዕዞ ለአዳም» ሲል ሰማሁት። የሰኞውን ውዳሴ ማርያም! ሳሙናው ከእጁ አምልጦት እንኳ አላቆመም። ጎንበስ ብሎ ሳሙናውን እየፈለገ «ኅዙነ ወትኩዘ ልብ» ብሎ ቀጠለ። እንባዬ መጣ፣ ምን እደብቅሃለሁ።

ችግሩ ግን የቀን አስተማሪው ጠርተውኝ «ልጁ ሳይገባው እየሸመደደ ነው፣ አታጨናንቁት» አሉኝ። ለልጁ አስበው ነው፣ አልተቀየምኩም። ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። ለፈተና ሸምድደው በማግስቱ የሚረሱትና ይሄ አንድ ነው እንዴ? እኛ እኮ ዳዊት ሸመደደ ብለን አናውቅም፣ ደገመ ነው የምንለው።

ደገመ ከግእዝ የመጣ ነው፣ ሁለተኛ አደረገ ማለት። ዳግማዊ ቴዎድሮስ ስንል፣ ዳግማ ትንሣኤ ስንል ያው እሱ ነው። እና ዳዊት የሚደግም ሰው ቀድሞ የተባለውን በራሱ አፍ እንደገና እያለው ነው። የኔታ ከመምህራቸው ሰሙት፣ ልጄ ከሳቸው። ሰው የሚፈራው ድግምትም ከዚሁ ቃል መውጣቱ ይገርመኛል፤ በቃል የሚባል ነገር ኃይል አለው ብለው ያምኑ ነበር ማለት ነው። የመዝሙር 1ን ግእዝ ደግሞ አስታውስ፦ «ወዘሕጎ ያነብብ መዓልተ ወሌሊተ»። አማርኛው ላይ «ያስባል» ነው የሚለው። ግእዙ ነበበ ተናገረ ነው አይደል? ስለዚህ አፍ የሚለውና ልብ የሚያስበው እዚያ አልተለያዩም። ይሄንን ለአስተማሪው እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው አላውቅም እንጂ ልቤ ውስጥ ቁጭ ብሏል።

መቼም ትርጉሙ ኋላ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ንባብ፣ ከዚያ ዜማው፣ ቅኔው፣ ትርጓሜው። ጎንደር ደግሞ የትርጓሜ አገር ናት። ግን የኔ ልጅ እስከ ትርጓሜ ቤት ይዘልቃል? እንጃ። ዶክተር መሆን ነው የሚፈልገው። ታዲያ እስከዚያ ማን ይፍታለት?

ማታ እራት ላይ «ትኩዝ ምንድነው?» አለኝ። ያዘነ፣ የተከዘ አልኩት። ጌታ ልቡ ያዘነውን አዳምን ነፃ ሊያወጣው ወደደ ማለት ነው አልኩት። «አዳም ልቡ ያዘነው ከገነት ስለወጣ ነው ወይስ ሔዋንን ስለተቆጣት?» ብሎ አፈጠጠብኝ። ይሄ ልጅ አልገባውም ይባላል? እኔ ግን ከዚያ በላይ የምለው አልነበረኝም።

እንግዲህ ጉዳዬ ይሄ ነው፣ ካላስቸገርኩህ። አንተ ቅኔ ቤት ድረስ ዘልቀሃል። ከዳዊቱ አንድ ንጉሥ፣ ማለትም አሥሩን መዝሙር፣ ዘለህ ወደ ቆሎ ትሮጥ የነበርክ ቢሆንም፣ ግእዙን ከኛ ሁሉ የያዝከው አንተ ነህ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደውልለት። የሰኞውን ይበልልህና አንተ ቃል በቃል ፍታለት። ብዙ አይደለም፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ስልኩን እሱ ነው የሚያነሳው፣ አጎቴ ይደውላል ብዬ ነግሬዋለሁ። ሳልጠይቅህ መናገሬ ትንሽ ከብዶኛል፣ ግን እምቢ እንደማትለኝ አውቃለሁ።

እናትህን ሳምልኝ።