ቆርቆሮ በኮላ አይያዝም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሰሞን በዚሁ የአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ አባት የጻፉትን አነበብኩ። ልጃቸው ሥነ ጥበብ ትማራለች። ቤታቸውን በቆርቆሮ፣ በማዳበሪያ ከረጢትና በኤሌክትሪክ ሽቦ ሞላችባቸው። «ይሄን ለመሰብሰብ አራት ዓመት መማር ያስፈልጋል ወይ? ቆራሌው ሳይማር ይሰበስበው የለም ወይ?» ብለው ነው የጠየቁት። ጥያቄው ከልብ የመጣ ስለሆነ ደህና መልስ ይገባዋል ብዬ ቁጭ አልኩ። እኔም እንደ ልጅዎ ነበርኩ። ሚክስድ ሚዲያ የሚባለውን፣ ማለትም ቀለምን ከጨርቅ፣ ከብረት፣ ከወረቀት፣ እጅ ከገባው ነገር ሁሉ ጋር አዋህዶ መሥራትን ተምሬ ከተመረቅሁ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነው።

አዎ፣ መማር ያስፈልጋል። ግን እኔ ያገኘሁት ትምህርት ግማሹ የጎደለ ነበር። የምጽፈው በዋናነት ስለዚያ ስለጎደለው ነው።

የመመረቂያ ሥራዬ በር ያህላል። ኮምፔርሳቶ ላይ ነው የሠራሁት። ከዘይት ጣሳ የቆረጥኩት ቆርቆሮ፣ የአያቴ ነጠላ ጥለት፣ ከልጅነት ደብተሬ የቀደድኩት ወረቀት፣ ከላዩ አክሪሊክ ቀለም። ሁሉንም ያጣበቅሁት በኮላ ነው። ለግምገማ ስናቀርብ ስለ ትዝታ፣ ስለ ሴቶች ጉልበት፣ ስለ ከተማ ብዙ ተወራ። ጥሩ ውጤት አገኘሁ። አንድ ባልና ሚስት ወደዱትና ገዙት፤ በገንዘቡ የስድስት ወር የቤት ኪራይ ከፈልኩ።

በሁለተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ ሚስትየው ደወለችልኝ። «የኔ እህት፣ ሥዕልሽ እየረገፈ ነው» አለችኝ። ስሄድ የወደቀውን ቆርቆሮ አንድ ሳይቀር ለቅማ በፌስታል አስቀምጣልኛለች። ቆጠርኩት፤ 23 ቁራጭ ነው። ከጀርባው ያለው ኮላ በጥፍር ሲነኩት እንደ ወተት ስልባቦት ተገፎ ይነሣል። ግድግዳው ላይ የቀረው የነጠላ ጥለት ከቆርቆሮው የወጣውን ዝገት ጠጥቶ ቡናማ ሆኗል። አያቴ ከሞተች በኋላ የቀረኝ ያ ጥለት ብቻ ነበር። እዚያው ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሴትዮዋ ቡና አፈላችልኝ እንጂ ገንዘቤን መልሺ አላለችኝም፤ እግዜር ይስጣት።

ለምን እንደረገፈ አሁን አውቃለሁ። ነጭ ኮላ ውኃ አለበት፤ ጨክኖ የሚይዘው ያን ውኃ የሚመጥለት ነገር ሲያገኝ ነው። እንጨት ይመጥለታል፣ ጨርቅና ወረቀትም ይመጥጡለታል፣ ቆርቆሮ ግን አይመጥም። በዚያ ላይ ቆርቆሮ ቀን ፀሐይ ሲያገኘው ይለጠጣል፣ ማታ ሲበርደው ይሰበሰባል፤ ከሥሩ ያለው እንጨት ደግሞ በእርጥበት ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ስለዚህ ሁለቱ ዓመቱን ሙሉ ሲጓተቱ ይኖራሉ፣ መሐል ያለው ኮላ ክረምት ሲገባ እርጥበት ስቦ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይለቃል። የደብተሩ ወረቀትም ርካሽ ወረቀት ስለሆነ በራሱ ጊዜ ቢጫ ይሆናል። ይህን ሁሉ በአንድ ሰዓት ማስረዳት ይቻላል። በአራት ዓመት ውስጥ ያንን አንድ ሰዓት የሰጠኝ ሰው አልነበረም።

አስተማሪዎቼን ማማት አልፈልግም፤ ባለውለታዎቼ ናቸው። አንድ ጀበና ሦስት ሳምንት ሙሉ በከሰል አሥለውናል። በመጀመሪያው ሳምንት ጀበና አየሁ፣ በሦስተኛው ጥቁር ውስጥ ስንት ዓይነት ጥቁር እንዳለ አየሁ። አባቴ፣ ልጅዎ ቆርቆሮ ስትሰበስብም የምታደርገው ይህንኑ ነው። ቆራሌው የሚያየው ክብደቱን ነው፤ እሷ የምታየው የዝገቱን ቀለም፣ የተጨማደደበትን መንገድ፣ ማን ቤት ምን ሆኖ እንደኖረ ነው። ይህ ዓይን ዝም ብሎ አይመጣም፣ ይለመዳል። ሠዓሊውን ኤልያስ ስሜን ያውቁት ይሆናል። እዚሁ አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1990 የተመረቀ ሰው ነው። ከመርካቶ የሚያገኘውን አሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒውተር ሰሌዳ ለዓመታት እየሰበሰበ፣ ሽቦውን እንደ ሹሩባ እየጎነጎነ የሚሠራቸው ሥራዎቹ ዛሬ በውጭ ሙዚየሞች ተሰቅለዋል። ከሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ አዘጋጇ ከመስከረም አሰግድ ጋር መካኒሳ ያቋቋሙትን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተውን ዞማ ሙዚየምን ልጅዎን ይዘው ሄደው ቢያዩት ደስ ይለኛል። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። ጭቃና ጭድ ታሽቶ፣ ከርሞ፣ ጊዜውን ጠብቆ ሲመረግ ምን እንደሚሆን እዚያ ይታያል።

ደግሞ ነገሩ የፈረንጅ ፋሽን ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። የጣና ገዳማትን ሥዕሎች ቀረብ ብሎ ያየ ሰው፣ ብዙዎቹ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ የተሣሉ መሆናቸውን ያውቃል። ጨርቅ፣ ማጣበቂያ፣ ጭቃ፣ ቀለም፤ ይሄ ቅይጥ ካልሆነ ምን ይባላል? ክታብ ከቆዳ፣ ከስፌት፣ ከጽሕፈትና ከሥዕል ነው የሚሠራው፤ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጥ ነበር። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ውስጥ ሸራ ላይ ኮላዥ፣ ማለትም የተለጠፈ ቁርጥራጭ፣ እያዋሃደ ሲሥል፣ በኋላም አሜሪካ ሆኖ ከዛፍ ልጥ በተሠራ ጨርቅ ላይ ሲሠራ፣ የክታብን ነገር ልቡ ውስጥ ይዞ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ጥቂት ዓመት እዚሁ አስተምሯል። ይህን ታሪክ በክፍል ተምረነዋል። የተማርነው ግን እንደ ታሪክ ነው። ብራናው እንዴት እንደሚፋቅና ለምን ሳይሰነጠቅ መቶ ዓመታት እንደሚቆይ በእጃችን አልነካነውም።

ለእኔ ትምህርቱን የጨረሰልኝ ሌላ ሰው ነው። ፌስታሌን ይዤ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። ከበርሜል ምድጃ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ቁራጮቹን አገላብጠው አዩዋቸው።

«ማነው በኮላ የለጠፈው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ቆርቆሮ በኮላ አይያዝም ልጄ። ጠርዙን እጠፊው። ስትመቺው ደግሞ እስትንፋስ ተይለት።»

እስትንፋስ ያሉት ምን እንደሆነ አሳዩኝ። የቆርቆሮውን ጠርዝ የጣት ስፋት ያህል በእንጨት መዶሻ አጠፉት። ቀዳዳውን ከምስማሩ ትንሽ አስፍተው በሱት። ከምስማሩ ራስ ሥር ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠች ክብ ጎማ አስገቡ፤ ጣሪያ ሲመታ እንደሚደረገው ማለት ነው። ቆርቆሮው ሲሞቅ በሰፊው ቀዳዳ ውስጥ ይንቀሳቀሳል፣ ጎማዋ ውኃ አታስገባም፣ ከሥሩ ያለው ጨርቅም ከዝገት ይድናል። ሃያ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ገንዘብ ልስጥዎት ስላቸው ተቆጡ።

ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኝ ሥራውን አደስኩት። ጥለቱን ማዳን አልቻልኩም፣ ዝገቱን እንደያዘ ተውኩት። ቆርቆሮዎቹ ግን በምስማር ተይዘው ያለፈውን ክረምት በሰላም አልፈዋል።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይሄ የእጅ ሙያ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ሐሳብን ነው ይሉኛል። ሥራው እንዲፈርስ አስቦ የሚሠራ ሰውም አለ፤ እሱ የራሱ ምርጫ ነው፣ አከብረዋለሁ። እኔ ግን እንዲረግፍ አስቤ አልሠራሁትም፤ ያ ቤተሰብም የሚረግፍ ነገር ለመግዛት አስቦ ከእኔ አልገዛም። ተማሪ ቁሱን ካላወቀ ምርጫ የለውም፤ ዕድሉን ነው የሚሞክረው። በዚህ የቀለም ዋጋ፣ ሁሉንም ከኪሱ እየገዛ ለሚማር ልጅ ደግሞ በከሸፈ ሙከራ መማር ውድ ነው።

ስለዚህ የሥነ ጥበብ ትምህርት ክፍሎችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በእያንዳንዱ ሰሚስተር ጥቂት ቀን ቁስን ብቻ የምንማርበት ይሁን። መጽሐፍ ከፍቶ ሳይሆን፣ አብሮን የሚኖረውን ነገር የሚያውቁ ሰዎች ክፍል ገብተው ያስተምሩ። ብራና የሚፍቁ ካህን፣ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ፣ ቆርቆሮ የሚመታ ሰው። እንግዳ አስተማሪ ተብለው ይጠሩ፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ አስተማሪም ይከፈላቸው። ዲግሪ የላቸውም የሚለው ምክንያት እንዳይሆን እፈራለሁ፤ የምናለሽ ተራው ሽማግሌ በሃያ ደቂቃ ያስተማሩኝን ዲግሪ ያለው ሰው በአራት ዓመት አላስተማረኝም። ሌላው ለየተማሪው አንድ የሙከራ ሰሌዳ ነው፤ ምን ከምን ጋር እንዳጣበቀ የሚጽፍበት፣ ውጭ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሁለት ክረምት የሚመታ። ወጪው ቁራጭ ኮምፔርሳቶ ነው።

አባቴ፣ ልጅዎን አይከልክሏት። ቆርቆሮውን ግን ጠርዙን እንድታጥፈው ይንገሩልኝ።

ይህን የሚያነብ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ካለ ደግሞ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ያግኘኝ። ሽማግሌውን ጠይቄያቸዋለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ይመቻቸዋል፤ መዶሻውን ራሳቸው ይዘው ይመጣሉ።

የሥነ ጥበብ ምሩቅ
ከአዲስ አበባ