ኪዮጃን «ትንሿ ቬኒስ» አትበሏት

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የምሠራ ሰዓት ሠሪ ነኝ። ጋዜጣችሁ እኛ ጋ የሚደርሰው ሁለት ሦስት ቀን አርፍዶ ነው። ወቀሳዬም ቢያረፍድ አትቀየሙኝ።

በቅርቡ ስለ ጣሊያን የውኃ ላይ ከተሞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ለቬኒስ አንድ ሙሉ ገጽ ሰጣችኋት። ለኪዮጃ አራት መስመር። እሱም ላይ «ትንሿ ቬኒስ» ብላችሁ አለፋችኋት። ይባስ ብሎ ፎቶው ሥር «የቬኒስ ድልድይ» ይላል። አይደለም። እሱ የኪዮጃው የቪጎ ድልድይ ነው፤ በ1685 የተሠራ ነጭ የድንጋይ ድልድይ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

ጅማ ቁጭ ብለህ በምን አወቅህ ትሉኝ ይሆናል። ልጄ እዚያ ናት። አንዲት አሮጊት እየጦረች መኖር ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። ገጹን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ብልክላት፣ «አባዬ፣ ይሄማ የኛ ድልድይ ነው!» አለችኝ። «የኛ» አለች እንግዲህ።

ላጉን የሚሉት በቀጫጭን የአሸዋ መሬት ከባሕር የተከለለ፣ ጥልቀት የሌለው ጨዋማ ውኃ ነው። ቬኒስ መሀሉ ላይ ናት፤ ኪዮጃ ደቡብ ጫፉ ላይ። በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ከተማዋ ከላይ ሲያዩዋት የዓሣ አጥንት ነው የምትመስለው። ኮርሶ ዴል ፖፖሎ የሚባለው ሰፊ ጎዳና አከርካሪዋ ነው። ከጎኑ የቬና ቦይ ይሄዳል። ግራና ቀኝ ደግሞ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ቅያስ። ቬኒስ ውስጥ መኪና የለም፣ ኪዮጃ ግን ይነዳል። የቬኒስ ሰው በቱሪስት ይኖራል፤ ኪዮጃ ግን እስከ ዛሬ ጎህ ሲቀድ ጀልባ ዓሣ ይዞ ይገባል። ልጄ የምትገዛው በ1322 ከተሠራው የእህል ጎተራ ጀርባ ካለው ገበያ ነው፤ ከቀይ ሸራ ሥር ሰርዲኑም ሸርጣኑም ተደርድሮ። ሰኞ ዝግ ነው። አሮጊቷ የዓሣ አጥማጅ ሚስት ነበረች። ድሮ የጀልባው ሸራ ላይ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ምልክት በቀይና በቢጫ ይስል ነበር። ሚስት ዳር ቆማ ባሏ መምጣቱን ከሩቅ የምታውቀው በዚያ ነው።

ጨው ደግሞ አለ። ቬኒስ የበለጸገችው በሐርና በቅመም ብቻ መሰላችሁ? የኪዮጃ ጨው ነው ብዙውን ያበላት። በነሐሴ 1379 ጄኖዋዎች፣ የቬኒስ ተቀናቃኝ የነበረችው የጄኖዋ ከተማ ሰዎች፣ መጥተው ከተማዋን ያዙ። ቬኒሶች ምን አደረጉ? ድንጋይ የሞሉ መርከቦችን የውኃው መግቢያ ላይ አስጥመው ጠላታቸውን እዚያው ቆለፉበት። ጄኖዋዎች ረሃብ ሲጠናባቸው በሰኔ 1380 እጅ ሰጡ። ድሉ የቬኒስ ሆነ። ፈርሶ የቀረው ግን የኪዮጃ ቤትና የኪዮጃ ጨው ማምረቻ ነው። የጨው ሥራው ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አልሆነም። ከዚህ በኋላ «ትንሿ ቬኒስ» ስትባል ደስ ይላታል ወይ?

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ፤ እውነቱን ለመናገር ብዕር ያስነሳኝ ይሄ ነው። አባቴ ሥራውን የለመደው በጣሊያን ጊዜ፣ ለአንድ ጣሊያን ሰዓት ሠሪ ሲላላክ ነው። ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ሁሉ በነሱ ስም ነው የሚጠራው፦ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ሞላ። ታዲያ ጽሑፋችሁ ጆቫኒ ዶንዲን እንዴት ይዘላል? በ1330 ገደማ ኪዮጃ የተወለደ ሰው ነው። ሐኪም ነበር። አባቱ ጃኮፖም ሐኪምና ሰዓት ሠሪ ነው፤ በ1344 ለፓዶቫ ከተማ የግንብ ሰዓት ሠርቷል። ጆቫኒ ደግሞ 16 ዓመት ሙሉ አንድ ሰዓት ላይ ተቀምጦ በ1364 ጨረሰው። ሰባት ፊት ነበረው፦ አንዱ ለፀሐይ፣ አንዱ ለጨረቃ፣ አምስቱ ያኔ ለሚታወቁት ፕላኔቶች። ሰዓቱ ጠፍቷል። ግን ሰውዬው የእያንዳንዱን ጎማ ጥርስ ቆጥሮ በመጽሐፍ ስላስቀመጠው፣ በኛ ዘመን ያሉ ባለሙያዎች መልሰው ሠርተውታል። ተራውን የሰዓት ክፍል ግን አላብራራውም። ይህን መሥራት የማይችል ሰው ሌላውንም ባይሞክረው ይሻለዋል ብሎ አለፈው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። አባቴም እንደዚሁ ነበር።

እዚያው ኪዮጃ፣ የቅዱስ እንድርያስ ግንብ ላይ፣ በ1386 ሥራ ላይ እንደነበር ሰነድ ያለው ሰዓት አለ። በዓለም ላይ ካሉት ጥንታዊ የግንብ ሰዓቶች አንዱ ነው። ልጄ ግንቡ ላይ ወጥታ ፎቶውን ላከችልኝ። እኔ ሆዬ ዓይኔ ላይ የምሰካትን አጉሊ መነጽር አጥልቄ ስልኩ ላይ አጎነበስኩ። ጥርሱን ልቆጥር ነው! የታየኝ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጠብጣብ ብቻ። ሰዓት ሊያሠራ የመጣ ደንበኛ ቆሞ ሲያየኝ ነበር። «ጋሼ፣ ስልክም መጠገን ጀመሩ?» አለኝ።

ባለፈው ዓመት ልጄ ስትመጣ የቀይ ሥር ዘር ይዛ መጣች። ኪዮጃ ነው ስሙ፣ በከተማዋ የተሰየመ። ባለቤቴ አወይቱ ወንዝ ዳር ባለችው ጓሯችን ዘራችው፤ በደንብ በቀለ። ሲቆረጥ ግን ውስጡ ቀይና ነጭ ቀለበት፣ ቀይና ነጭ ቀለበት ነው፤ ልክ ከቤቱ እንደወጣ የሰዓት ሞላ። ሐሙስ ገበያ አወጣችው። አንዷ ገዢ ቆርጣ አየችና «ይሄ ቀይ ሥር ታሟል» ብላ መለሰችላት። ሌላዋም ተከተለች። እቤት መልሳ ብትቀቅለው ቀለበቱ ደብዝዞ ሐመር ሮዝ ሆነ። ጥሬውን በሎሚና በቃሪያ ነው መበላት ያለበት፤ ይህን ያወቅነው ካለቀ በኋላ ነው።

ቪጎ አደባባይ ዓምድ ላይ የቆመ ክንፋም አንበሳ አለ፤ የቬኒስ ግዛት ምልክት። በጣም ትንሽ ስለሆነ የኪዮጃ ሰው ራሱ «ድመቷ» ነው የሚለው። በገዛ ራሳቸው መቀለድ ያውቃሉ። ጎልዶኒ የተባለው የቬኒስ ቴያትር ጸሐፊ በወጣትነቱ እዚያ የፍርድ ቤት ሥራ ሠርቶ ነበር፤ በ1762 በቁራሽ የተጠበሰ ዱባ ስለሚጣሉ ዓሣ አጥማጆች አስቂኝ ቴያትር ጻፈባቸው። ልጄ እንደምትለው ጩኸታቸው ዛሬም አልቀነሰም። በራሳቸው መሳቅ ግን አንድ ነገር ነው፤ ሰው «የእገሌ ታናሽ» ሲላቸው ደግሞ ሌላ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የፎቶውን መግለጫ አርሙልኝ። ልጄ ገጹን ለአሮጊቷ አሳይታት ነበር። ፊደላችንን ባታውቅም ድልድዩን ወዲያው አወቀችው። ደስ ብሏት ምን ተብሎ እንደተጻፈ ጠየቀቻት። ልጄም «ኪዮጃ ይላል» ብላ ዋሸቻት።

ከአክብሮት ጋር
ሰዓት ሠሪው፣ ከጅማ