ከግንባታው በፊት በጀቱን እንጠይቅ

ወንድሜ፣ እንደምን ከረምክ? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? ድምፅህን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ። እኛ ደህና ነን። እናትህንም ባለፈው ቅዳሜ ገበያ አግኝቻቸው ነበር፤ ጠንካራ ናቸው፣ በሳቸው አታስብ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ለጉዳይ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁት የአገር ልጆች ለጤና ኬላችን የማዋለጃ ክፍል ልታሠሩ ገንዘብ እያሰባሰባችሁ ነው ሲሉ ሰማሁ። እግዜር ይስጣችሁ። ብቻ ብሩን ከመላካችሁ በፊት አንዴ ስማኝ።

ያኔ ያሠራችሁትን የትምህርት ቤት ብሎክ ታስታውሳለህ አይደል? ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሊሾ። የተመረቀ ቀን በሬ ታርዶ አገሩ ሁሉ ነበር የወጣው። አሁን መጥተህ ብታየው ከክፍሎቹ ሁለቱ ተቆልፈዋል። ልጆቹ በአሮጌው ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ለአራት ተጣበው ይማራሉ፣ ከጎናቸው ያለው አዲሱ ክፍል ደግሞ ባዶውን ነው፤ ቀለሙ እንኳን አልደበዘዘም። የሚያስተምር ሰው የለማ! መምህር የሚቀጠረው የሥራ መደብ ሲፈቀድ ነው፣ መደብ የሚፈቀደው በጀት ሲያዝለት ነው፣ በጀት የሚያዘው ደግሞ ጥያቄው በጊዜው ወረዳው ዕቅድ ውስጥ ሲገባ ነው። ብሎኩ ሲሠራ ስለ ሲሚንቶና ስለ ቆርቆሮ ሁሉም ጠየቀ፣ ስለ መምህሩ ደመወዝ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ወላጅ መምህር ኅብረት ውስጥ ከገባሁ ወዲህ የገንዘቡን አካሄድ በደንብ ተረዳሁት። የ2018 የፌዴራል በጀት ሲጸድቅ 1.93 ትሪሊዮን ብር ነበር። ለክልሎች ድጎማ የተያዘው 315 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር፤ ድጎማው የሚከፋፈለውም የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚወስነው ቀመር ነው። ክልላችን የራሱን ገቢ ጨምሮበት ወደ ታች ያከፋፍላል። ወረዳው ደግሞ ከድጎማውና ከሚሰበስበው ግብር ላይ በጀቱን ይደለድልና ምክር ቤቱ ያጸድቀዋል። ትምህርቱም፣ ጤናውም፣ ውሃውም፣ መንገዱም የሚካፈሉት ከዚያችው ነው።

ድልድሉ ወረዳ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ቆሜ አነበብኩት። 6111 የሚለው የሂሳብ ኮድ፣ የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ ማለት ነው፣ ትልቁን ድርሻ ይወስደዋል። ከሱ በታች አበል፣ ነዳጅ፣ አላቂ ዕቃ፣ እድሳት እያለ ይወርዳል፣ ቁጥሩም እያነሰ ይሄዳል። ለጥገና የተያዘችውን ሳያት በጣም አዘንኩ። በወረዳው ሰዎች አልፈርድም፤ ደመወዝ መክፈል ግድ ነው፣ ካለው በላይም ማካፈል አይቻልም። ግን ያልጠየቀ ቀበሌ ከዚያች ትንሽ ላይም አይደርሰውም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይሉ የለ።

ባለፈው ክረምት የጎረቤቴ ልጅ ሌሊት ምጥ ያዛት። አምቡላንስ ተጠራ፣ መጣም፤ ግን ከወንዟ ወዲያ ቆመ። የድልድይዋን ጠርዝ ጎርፍ በልቶታል፣ መኪና አያሳልፍም። በቃሬዛ ተሸክመናት በዝናብ ተሻገርን። አንዱ ባትሪ ያበራል፣ እናቷ ከኋላ እየጮኸች ትለምናለች። ደርሳ በሰላም ተገላገለች፣ ተመስገን። ድልድይዋ ያኔ ገና ሲሰነጠቅ ብትጠገን ጥቂት ሲሚንቶና ድንጋይ ይበቃት ነበር፤ አሁን ለዲዛይን መሐንዲስ ካልመጣ አይሆንም ተብሏል።

ለዚህ ነው ስለ ማዋለጃ ክፍሉ የፈራሁት። ጤና ኬላ ከመጀመሪያውም የታሰበው ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ፣ በሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንዲሠራ ነው። ክፍሉን እናንተ ብትሠሩ አዋላጅ ነርሷን የሚቀጥረው ማን ነው? ውሃው፣ መብራቱ፣ ጓንቱ፣ መድኃኒቱስ? አንድ ጊዜ የሚወጣውን ገንዘብ እናንተ ትችሉታላችሁ፣ በየዓመቱ የሚወጣውን ግን መንግሥት ካልያዘው ክፍሉ የዕቃ መጋዘን ሆኖ ይቀራል። ደግሞ ልመና አይደለም የምንጠይቀው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ አለበት ይላል። በ1950ዎቹ የዓለም ገና–ሶዶ መንገድ ሲሠራ አባቶቻችን ከኪሳቸው አዋጡ፣ ግን መንግሥትንም ድርሻህን አምጣ ብለውታል።

እና ኮሚቴያችሁ ደብዳቤ ይጻፍ። ግንባታውን እኛ እንሸፍናለን፣ ወረዳው ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት በጀቱ የአንዲት አዋላጅ ነርስ መደብና የሥራ ማስኬጃ ይያዝ፣ ይህም በስምምነት ይፈረም፣ ሳይፈረም ገንዘብ አይለቀቅም በሉ። ይሄ መጨረሻው ላይ ያለው አረፍተ ነገር እንዳይቀር። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ጽሕፈት ቤቶቹ ዕቅዳቸውን የሚያዘጋጁት ግን አሁን ነው፤ ሰኔ ላይ የሚመጣ ጥያቄ “ለከርሞ” ነው የሚባለው። እኛ እዚህ የድልድይዋንና የሁለቱን መምህራን ጥያቄ ይዘን ፊርማ እያሰባሰብን ነው። ሽማግሌዎቹ ፈርመዋል፣ ሴቶቹ ደግሞ ከማንም ቀድመው። ለምክር ቤት የመረጥነውን ሰውም ቤቱ ድረስ ሄደን አናግረነዋል፣ በጉባኤው አነሳዋለሁ ብሎናል።

ደብዳቤውን ማኅተም አድርጋችሁበት በቴሌግራም ላክልኝ። አትሜ ለምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ፣ ለጤናና ለገንዘብ ጽሕፈት ቤት አስገባዋለሁ፤ መዝገብ ቤት ቁጥር አስወጥቼም ፎቶውን እልክላችኋለሁ። ስለ ገንዘቡ መጠንና ስለ ዲዛይኑ ግን በጽሑፍ አይሆንም፣ እሁድ ማታ በእናንተ ሰዓት ጠዋት ላይ ደውልልኝ። ልጆቹን ሳምልኝ።

ወንድምህ