«በታሪክ» ማለት ከመቼ ጀምሮ ነው? የአየር ጠባይ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ጥቅምት መጨረሻ ላይ አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ስልኳን ይዛ ወደ ክበባችን መጣች። (ስልክ ወደ ግቢ ማስገባት ክልክል ነው። እሱን ለዛሬ እንለፈው።) እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ያለች አክስቷ አምና የላከችላትን ቪዲዮ ልታሳየን ነው። መኪናው፣ አጥሩ፣ የቆሻሻ ገንዳው ሳይቀር በረዶ ለብሷል። አክስቷ እየተንዘፈዘፈች «በታሪክ እንዲህ ያለ ክረምት የለም» ትላለች።

ልጆቹ ስልኩን እየተቀባበሉ አዩት። ከዚያ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ በታሪክ ማለት ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ።

የዓመቱ ሥራችን ከዚህች ጥያቄ ወጣ። ዕቅዳችን ሌላ ነበር። መስከረም ላይ ለአስተዳደር ያስገባሁት ወረቀት ችግኝ ተከላና የግድግዳ ጋዜጣ ይላል። ችግኝ ተክለናል፤ ግማሹን ፍየል በላው። የግድግዳ ጋዜጣውም 2 ጊዜ ወጥቷል። ስለ እነሱ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ያስቸገረን ቃሉ ነው። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ የፈረንጆቹ የብርድ ወቅት «ክረምት» ተብሎ ይተረጎማል። የእኛ ክረምት ግን የዝናብ ወቅት ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም። እነሱ በረዶ ሲጠርጉ እኛ በጋ ላይ ነን፤ ብርዱም የሚመጣው በበጋ ነው። አዲስ አበባን ብንወስድ ቀኑ የሚቀዘቅዘው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው፤ ሌሊቱ የሚቀዘቅዘው ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ምክንያቱ ደመናው ነው። በክረምት ሰማዩ ላይ የተዘረጋው ደመና እንደ ጋቢ ሆኖ የምድርን ሙቀት ይይዛል። በበጋ ጋቢው ይገፈፋል። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ አየሩ ይደርቃል፣ ቀን የተሰበሰበው ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ወደ ላይ ይተናል። ስለዚህ ከሁሉም የሚበርደው ሰዓት እኩለ ሌሊት አይደለም። ጎህ ሲቀድ ነው።

«በረዶ»ም አስቸግሮናል። ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውም በረዶ ነው፣ እንደ ጥጥ የሚወርደውም በረዶ ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም በረዶ ነው። አዳማ ላይ የምናውቀው ጠጠሩን ነው፤ ቆርቆሮ ሲደበድብ። እንደ ጥጥ ያለው በአገራችን ራስ ዳሸንና ባሌ ተራሮች አናት ላይ አልፎ አልፎ ይወርዳል እንጂ አይቆይም። ሌሊት ሣር ላይ የሚጋገረው ደግሞ አመዳይ ነው። አመዳይ የሚለውን ቃል ከልጆቹ የሚያውቁት ሁለት ብቻ ነበሩ። ሁለቱም ቤተሰባቸው ከደብረ ብርሃን የመጣ ነው።

የአክስቷን አባባል ማጣራት ቀላል ነበር። እንግሊዞች የመካከለኛው አገራቸውን የወር አማካይ ሙቀት ከ1659 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሠንጠረዥ ይዘውታል። ያኔ በእኛ አገር አፄ ፋሲል ጎንደር ላይ ነግሠው ነበር። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ሠንጠረዡን ያሰናዳው ጎርደን ማንሊ የተባለ ምሁር ነው፤ ድሮ ሰዎች በየቤታቸው የጻፉትን ማስታወሻ እየለቀመ። ማንም ሰው በነፃ ከኢንተርኔት ያወርደዋል። እኛም መብራት በነበረበት ቀን ኮምፒውተር ክፍል ገብተን አወረድነው።

ከሁሉም የቀዘቀዘው ወር ጃንዋሪ 1795 ነው። አማካዩ ከዜሮ በታች 3.1 ዲግሪ ነበር። ከሁሉም የቀዘቀዘው የብርድ ወቅት ደግሞ የ1683/84ቱ ነው፤ ከዜሮ በታች 1.2። በዚያ ዓመት ለንደን ላይ የቴምዝ ወንዝ ረግቶ ከላዩ ላይ ገበያ ቆሟል። ከቅርቡ ዘመን ጃንዋሪ 1963 አለ፤ ከዜሮ በታች 2.1። የአክስቷ ክረምት ከእነዚህ አጠገብ አይደርስም።

እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 22 እስከ ማርች 17 ድረስ በየቀኑ ብሪታንያ ውስጥ የሆነ ቦታ ላይ በረዶ ሲወርድ ነበር። ያም ሆኖ ወቅቱ በሙሉ ሲታሰብ የ1963ቱ ይብሳል። ብዙ በረዶ የወረደበት ዓመት ከሁሉ የበረደው ዓመት ላይሆን ይችላል ማለት ነው። ሰው የሚያስታውሰው አካፋ ይዞ ደጁን የጠረገበትን ነው። ቴርሞሜትሩ አካፋ አያውቅም።

የአዳማ አካፋ ነፋሱ ነው። ይህን ያወቅነው ከተማ ወጥተን ሰው ስንጠይቅ ነው። ልጆቹ በሁለት በሁለት ሆነው የባጃጅ ሾፌሮችን፣ ሻይ ቤት የተቀመጡ ሰዎችን፣ የሠፈር ሽማግሌዎችን ጠየቁ። ጥያቄው አንድ ነው፦ ዘንድሮ ብርዱ እንዴት ነው? የባጃጅ ሾፌሮቹ በአንድ ድምፅ «ዘንድሮስ ለየት ይላል፣ እንዲህ ያለ ብርድ አይተን አናውቅም» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። «ድሮ ነበር እንጂ ብርድ፣ አሁን ምን ብርድ አለ!» ማን ልክ ነው? ባጃጅ በር የለውም፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው የሚመጣው። ለነፋሱ ምስክር አያሻም፤ ከከተማው ዳር ኮረብታው ላይ የቆሙት ተርባይኖች ይበቃሉ። በአዳማ አንድና በአዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በድምሩ 136 ናቸው፣ አቅማቸውም 204 ሜጋ ዋት ነው። ሰው ነፋስ ስላለ እንጂ ለጌጥ አላቆማቸውም።

ነፋስ ቴርሞሜትርን አያበርደውም፤ ገላን ግን ያበርዳል። ፖል ሲፕልና ቻርልስ ፓሰል የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. አንታርክቲካ ላይ ውኃ በፕላስቲክ ዕቃ አንጠልጥለው ለመርጋት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት ለክተዋል። ነፋሱ ሲበረታ ቶሎ ይረጋል። እኛ የሚረጋ ውኃ ስለሌለን ሁለት ኩባያ ሙቅ ውኃ ወሰድን። አንዱን ከላብራቶሪው ጀርባ ከለላ ላይ፣ ሌላውን ሜዳው መሃል አስቀመጥን። የሜዳው ቀድሞ ቀዘቀዘ። ከዚያ በኋላ ስለ ባጃጅ ሾፌሮቹ ማንም አልሳቀም።

አሁን ወደ መለኪያችን ልምጣ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው። የመጀመሪያውን ቴርሞሜትር የሰቀልኩት ለማየት እንዲመቸን ብዬ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ነው። ግድግዳው ቀን ፀሐይ ሲጠጣ ይውላል፣ ሌሊት ይተፋዋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ የብሎኬት ሙቀት ስንመዘግብ ከረምን። ልጆቹ ሲያውቁ አዘኑብኝ። እንግሊዞቹም መጀመሪያ አካባቢ አንዳንዱን ቴርሞሜትር ቤት ውስጥ፣ እሳት የማይነድበት ክፍል ይሰቅሉ እንደነበር ነግሬ ራሴን አጽናናሁ።

ከዚያ ሳጥን ሠራን። ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ጎኖቹ እንደ መስኮት መዝጊያ ዘርዘር ብለው የተሠሩ፣ እግሩ ከአንድ ሜትር ተኩል የማያንስ። አየር ያልፋል፣ ፀሐይ አይገባም። የዚህ ሳጥን ፈጣሪ ቶማስ ስቲቨንሰን የሚባል የስኮትላንድ መሐንዲስ ነው። የእኛን የሠራልን የአንድ ተማሪ አባት ነው፤ አናጢ ናቸው፣ ከጣውላው በቀር ምንም አላስከፈሉንም። በሩን ፀሐይ እንዳይመታው ወደ ሰሜን አዞርነው። መጽሐፍ የሚለው እንደዚያ ነው። ሚያዝያ ላይ ግን አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ በሩን ስከፍት ፀሐይ ትገባለች» አለኝ። አላመንኩትም። ሄጄ ሳይ እውነቱን ነው። አዳማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ፀሐይ አናታችን ላይ ትሆናለች፣ ከዚያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ በሰሜን በኩል ናት። ይህን ለ14 ዓመት አስተምሬዋለሁ። በሳጥን በር በኩል ግን አስቤው አላውቅም።

የመዘገብነው በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ዝናቡን ከአንገቱ በተቆረጠ ሃይላንድ ለክተናል፤ ትንሽ ያሳፍራል ግን ይሠራል። ሙቀቱን የምናነበው ከአንድ የዩ ቅርጽ ካለው ቴርሞሜትር ነው። ሁለት ትንንሽ ጠቋሚዎች አሉት፣ የሌሊቱን ዝቅተኛና የቀኑን ከፍተኛ ይዘው ይቆያሉ። መነበብ ያለበት የጠቋሚው የታችኛው ጫፍ ነው። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ የአንድ ልጅ ንባብ ከሌሎቹ ጋር አልገጥም አለ። የላይኛውን ጫፍ ነበር የሚያነበው። በጣም ደነገጠ፤ ክበቡን ልተው አለ።

ያን ቀን የሊቢያዋን አዚዚያ ታሪክ ነገርኳቸው። በሴፕቴምበር 13፣ 1922 እ.ኤ.አ. እዚያ 58 ዲግሪ ተመዘገበ ተባለ። የዓለም ሪከርድ ሆኖ 90 ዓመት ቆየ። በ2012 የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት መዝገቡን አስመርምሮ ሰረዘው። ለሥራው አዲስ የሆነ ሰው ልክ እንደኛው ልጅ ጠቋሚውን በተሳሳተው ጫፍ ሳያነብ አልቀረም፤ ስህተቱ 7 ዲግሪ ገደማ ይሆናል ተብሏል። ሪከርዱ ወደ አሜሪካው ሞት ሸለቆ ሄደ፣ 56.7 ዲግሪ፣ ጁላይ 10፣ 1913። ልጁ ታሪኩን ሰምቶ ቆየ። አሁን አዳዲስ አባላትን ንባብ የሚያስተምረው እሱ ነው።

ዘንድሮን የምናወዳድርበትን የድሮውን የሙቀት መዝገብ ማግኘት ግን አለፋን። ደብዳቤ ጽፈን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ላክን፤ ማኅተም የለውም ተብሎ ተመለሰ። ማኅተም አድርገን ላክን፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሦስተኛ ጊዜ ልጆቹን ይዤ ራሴ ሄድኩ። የደንብ ልብስ የለበሱ 6 ልጆች በር ላይ ሲቆሙ ስብሰባው አለቀ። መዝገቡን በፍላሽ ሰጡን።

መዝገቡ ክፍተት አለው። አንዳንድ ወር ባዶ ነው። በ1983 ዓ.ም. ዙሪያ በብዙ የአገሪቱ ጣቢያዎች መዝገብ ላይ እንዲህ ያለ ክፍተት ይታያል። ያ ዓመት ምን እንደነበር ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ልጆቹ ባዶውን ሳጥን በአማካይ እንሙላው አሉ። ባዶ ሆኖ እንዲቆይ ወሰንን።

ውጤቱስ? የዘንድሮ ታኅሣሥ በእኛ ሳጥን ከረጅሙ ዘመን አማካይ ትንሽ ዝቅ ይላል። ከ10 ዲግሪ በታች የወረደባቸው ሌሊቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከእሱ የባሱ ታኅሣሦች ግን መዝገቡ ውስጥ ሞልተዋል። ደግሞ የእኛ ሳጥን ያለው በሕንፃና በአስፋልት መሃል ነው፣ መዝገቡ የመጣበት ጣቢያ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የከፍታ ልዩነት ብቻውን ብዙ ይቀይራል፤ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ገደማ። አዳማ 1,700 ሜትር፣ አሰላ 2,430 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ በስሌቱ ወደ 5 ዲግሪ ይለያያሉ። ስለዚህ «ሪከርድ» የሚለውን ቃል ከፖስተራችን ላይ ሰረዝነው። ፖስተሩን የሣለችው ልጅ እስካሁን አኩርፋኛለች።

ፖስተሩ የተሰቀለው መጋቢት 14፣ በዓለም የሚቲዎሮሎጂ ቀን ነው። ወላጆች መጥተው ነበር። የባለ ቪዲዮዋ ልጅ አያትም መጡ። አንዱን ግራፍ ቆመው ሰሙ። ብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ ኤጀንሲ በ2007 እ.ኤ.አ. ካወጣው ሰነድ የወሰድነው ነው፤ ከ1951 እስከ 2006 የአገሪቱ ዝቅተኛ ሙቀት በየ10 ዓመቱ በአማካይ 0.37 ዲግሪ ጨምሯል ይላል። ልጅቷ አብራርታ ስትጨርስ አያትየው «ታዲያ እኔ ምን አልኳችሁ?» አሉ። እውነትም ብለው ነበር። «ድሮ ነበር እንጂ ብርድ» ካሉት አንዷ እሳቸው ናቸው።

አንድ ያልተናገርኩት ሰው አለ። የገና እና የጥምቀት ዕረፍት ሲመጣ ማን እንደሚያነብ ጨንቆን ነበር። የጥበቃ ሠራተኛችን ጋሼ «ምን ችግር አለ፣ እኔ አድራለሁ አይደል» አሉ። እንዴት እንደሚነበብ ያ ስህተት የሠራው ልጅ አሳያቸው። ከዕረፍት ስንመለስ ደብተሩ ላይ አንድም ቀን አልጎደለም። ከቁጥሩ አጠገብ እሳቸው የጨመሩት አለ፦ «ነፋስ የለም፣ ብርድ አለ።» «ውሻው ገብቶ ተኛ።» «ዛሬ ደህና ነው።» ልጆቹ ይህን ዓምድ በቋሚነት እንዲኖር ወሰኑ። ርዕሱ «አስተያየት» ነው።

አሁን ትምህርት ሊዘጋ ነው፤ የክረምቱንም ንባብ ጋሼ ተረክበውታል። ሁለት ነገር ጠይቀዋል፤ መነጽራቸው ስለተሰበረ ቁጥሩ ጎላ ያለ ቴርሞሜትር፣ እና ለሳጥኑ ቀለም። ዝናቡ የሰሜን በኩሉን ልጦታል። ቤቱ የተረፈው ነጭ የዘይት ቀለም ያለው ወላጅ ካለ፣ ግማሽ ጋሎን ይበቃናል። በር ላይ ለጋሼ ይስጡልን።